ብረቱን የሚነካው እጅ

ቀለም መቀባት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ከአፌ አይወጣም። ብሩሽ አያያዙን፣ ሮለር አጨማመቁን፣ የብረት በር ሲቀባ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚጨረስ፣ ሁሉንም ያገኘችው ከእኔ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሕንጻ ላይ አሸዋ ስትሸከም አየኋትና “ነይ እስቲ፣ ይሄን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊልኝ” አልኳት። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ፈተገችው፤ ሳልነግራት ጥጋጥጉን ሁሉ ጨረሰችው። በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ምነው አይቼ እንዳላየሁ ባለፍኩ የምልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ ሆዴ ውስጥ እንዳለ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ በአገሩ የታወቅሁ ቀለም ቀቢ ነኝ። ከአማኑኤል እስከ ደብረ ኤልያስ ያሉ ነጋዴዎች የሱቃቸውን በር ሲያስቀቡ የሚጠሩት እኔን ነው። መጀመሪያ ላይ ሴት መሰላል ላይ ስትወጣ ብለው ለመሳቅ የቆሙት ሁሉ ኋላ ስልክ ቁጥሬን ከማንም በፊት የያዙ ሆኑ። እሷም ስድስት ዓመት አብራኝ ሠራች። “እትዬ” ነበር የምትለኝ። ባልዲ ትይዝልኛለች፣ መሰላል ትደግፍልኛለች፣ ስህተት ስታይ ደግሞ ሰው ፊት አትናገርም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ በጆሮዬ ትነግረኛለች። እውነቱን ለመናገር ብዙ ስህተት ታይ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ሥራ ተቋራጭ የምንቀባውን የግቢ በር ቆሞ ሲመለከት ቆየ። አፋር በረሃ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ትልቅ ተቋም ቀለም ቀቢ ይፈልጋል። የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከሮች፣ ኪሎሜትር የሚሄዱ ቧንቧዎች፣ የብረት መጋዘኖች አሉ አለ። ሥልጠናውን ራሳቸው ይሰጣሉ። የጠየቀው እኔን ነው፣ አስቀድሞ እኔን። “እርስዎ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል” አለኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ሳቅሁበት። “ቆላ? እኔ? ወባ ትብላኝ?” አልኩት። እኛ ደገኞች ቆላ ሲባል ሬሳ የሚታየን ሰዎች ነን። እናቴ አንድ ዘመዳችን ቆላ ወርዶ መቅረቱን ሳታነሣ ምሳ በልታ አታውቅም ነበር። ብሩሼን ወደ ልጅቱ ቀሰርኩና “ይቺን ውሰዳት፣ ወጣት ናት፣ ሙቀቱን ትችለዋለች” አልኩት። እንደ ትርፍ ዕቃ ነው የሰጠኋት። እሷ ዓይን ዓይኔን እያየች “እትዬ፣ ልሂድ?” አለችኝ። “ሂጂ፣ ምን ይጎድልብሻል” አልኳት። ሄደች።

መጀመሪያ መጀመሪያ ስትደውልልኝ አዝንላት ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። ብረቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አይነካም ትለኛለች። ቀለሙ ከመርጫው ወጥቶ ብረቱ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ይራገፋል። ስለዚህ ሰማዩ ሳይገለጥ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፤ አገሩ ቁርሱን ሲበላ እነሱ ሥራ ጨርሰዋል። ነፋሱ ጨው ተሸክሞ ይመጣል። ጨው ከቀለም ሥር ከገባ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ከውስጥ ይበላዋል። ለመጠጥ በቦቴ ከሩቅ በሚመጣው ውሃ እነሱ ብረት ያጥቡበታል። “አንድ ቀን ጥሜን ይዤ ቧንቧ ሳጥብ ዋልኩ እትዬ” አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ “እሰይ እንኳን ቀረሁ” ብዬ።

እያደር ወሬዋ ተቀየረ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ቀረ፤ በአየር ግፊት አሸዋ እየረጩ ብረቱን እስኪነጣ ይልጡታል። የተላጠው ብረት ያንኑ ቀን ካልተቀባ ስለሚዝግ እንደገና ይላጣል። ቀለሙ ሦስት ንብርብር ነው፤ አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ አንዱ ውሃና ጨው ይከለክላል፣ የላይኛው ፀሐዩን ይመልሳል። ውፍረቱን የሚለካ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ መሣሪያ አለ፤ ብረቱ ላይ ሲያስቀምጡት ቁጥር ይናገራል። እኔ ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ስገምት የኖርኩትን እሷ በቁጥር ታነበዋለች። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ፊቴ ሲጠቁር ተሰማኝ።

ከዚያ ፎቶግራፉ መጣ። ትልቅ ነጭ ታንከር ላይ ቆማለች። ቢጫ የራስ ቆብ፣ ጥቁር መነጽር፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ ጓንት አድርጋለች። ከኋላዋ መሬቱና ሰማዩ ተደባልቀዋል። ፎቶውን ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁ። “የኔ ተማሪ ናት፣ እዩልኝ” አልኩ። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ብቻዬን አጉረመረምኩ። ያ ቦታ የኔ ነበር። ሰውዬው ባርኔጣውን ያወለቀው ለእኔ ነው። ፎቶውን በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ ጫማዋን፣ ቀበቶዋን፣ ደረቷ ላይ የተሰፋውን ምልክት ሳይ አመሸሁ። በማግሥቱ የሱቅ በር ስቀባ ሁለት ጊዜ ቀለም ደፋሁ።

አራት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። የእናቷ ዓይን እየደከመ ሄዶ ከቤት ደጅ መውጣት ተቸግረው ነበር፤ ከእሷ ሌላ ልጅም የላቸውም። ደብረ ማርቆስ መቅረት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። መሥሪያ ቤቷ ግን ቦታዋን የሚጠብቅላት እስከ ፋሲካ ብቻ ነው። እስከዚያ እዚህ ሥራ ካገኘች ትቀራለች፣ ካላገኘች ተመልሳ ትወርዳለች። ነገሩ ይኸው ነበር፣ ሌላ የሚጠየቅ አልነበረውም።

ሥራው ተገኘ። ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ የብረት ውሃ ማጠራቀሚያዋ ዝጎባት የውሃ ኮሚቴው ባለሙያ ይፈልግ ነበር። የሌሎች ሁለት ከተሞች ኮሚቴዎችም “እሱ ሲያልቅ እናየዋለን” ብለው እየጠበቁ ነው። ታንከሩ ካማረ እናቷ ዘንድ ትቀራለች።

ቤቴ ድረስ መጣች። ጓንቷን አላወለቀችም፤ ሻይ ስሰጣት እንኳ በጓንት ተቀበለችኝ። “ወይዘሮ ሆና መጣችልኝ” አልኩ በልቤ። “እትዬ፣ ይህን ሥራ ያለ እርስዎ አልጀምረውም” ስትለኝ ግን ሆዴ ራራ። ምን እንድሠራ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።

“ብረቱን የሚነኩት እርስዎ ነዎት” አለች። እነሱ ዘንድ ደንብ አለ። ቀለም ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ብረቱን በመዳፉ ይዳስሳል። ደረቅ መሆኑን፣ አቧራ አለመኖሩን አይቶ “ደረቅ ነው” ይላል። ያ ሰው ሳይናገር ማንም ጣሳ አይከፍትም፤ አለቃም ቢሆን። ቃሉ ማስታወሻ ላይ ይጻፋል። እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አለ፣ እሱ ግን የድርጅቱ ስለሆነ ይዛው አልመጣችም። “እዚህ በእጅ ነው። የእርስዎን እጅ አውቀዋለሁ” አለችኝ።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እሷ ትደባልቃለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች፤ እኔ ብረት እዳብሳለሁ። ያሳደግኋት ልጅ ጠረጴዛ ጠራጊ አደረገችኝ ብዬ ነው የተረጎምኩት። አፌ “እሺ” አለ፤ አንጀቴ ግን በዚያችው ሰዓት ቂም ያዘ።

ኅዳር ላይ ሥራ ጀመርን። አምስት ቀን ዝገት ፈተግን፣ አጠብን፣ ግራጫውን የመጀመሪያ ቀለም ቀባን። ለዚያ ሥራ ከሰዓት በኋላ ነበር የምንወጣው፣ ጠዋቱን ኮሚቴው ለሕዝቡ ውሃ ለማዳረስ ስለሚፈልገው። የላይኛውን ቀለም የምንቀባበት ቀን ሲደርስ ግን ሙሉ ቀን ተሰጠን። እሷም “በማለዳ እንጀምራለን” አለች። አራት ዓመት ከፀሐይ ስትሸሽ ኖራለች፤ ማለዳ ካልጀመረች ሥራ የጀመረች አይመስላትም። እኔ ደግሞ በኅዳር ጠዋት ጮቄ ሥር ያለ ብረት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጤዛው ፀሐይ ካልመታው እስከ አራት ሰዓት አይለቅም። እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ስነካው እርጥብ ነው እላታለሁ፣ ያኔ እሷም ከኔ የምትማረው እንዳለ ታያለች ብዬ ተውኩት። ይህን ያሰብኩት በቅንነት ነው ብል እዋሻለሁ፤ ግን ገና ክፋት አልነበረውም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ደረስን። ታንከሩ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቧል። አንደኛው ወገን ፀሐይ መውጫውን ያያል፤ ሌላው ወገን የባሕር ዛፍ ጥላ ያርፍበታል። ጥላው ወገን የኔ ነው፣ ፀሐዩ ወገን የእሷ። መውጣት ስጀምር የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ደግ ሰውም ናቸው። እሷን ሰላም ብለው፣ መርቀው ሲያበቁ ወደ እኔ አገጫቸውን ቀሰር አደረጉ።

“ይቺኛዋ ረዳትሽ ናት?” አሏት።

እሷ ጎንበስ ብላ ዕቃ እየለየች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል “አዎ፣ አብረን ነን” አለች።

አዎ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል አልሰማሁትም፣ ወይም መስማት አልፈለግሁም። ያቺን “አዎ” ይዤ ወጣሁ። እያንዳንዱን እንጨት ስረግጥ አዎ ይለኛል። ላይ ስደርስ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር፣ እጄ ሲነሣም ርሶ ነበር የተነሣው። የአምስት ጣቶቼ ምልክት ግራጫው ላይ ጥቁር ሆኖ ታየ።

“እትዬ፣ እንዴት ነው?” አለች ከታች። ሁለት ጣሳ ቀለም ፊቷ አስቀምጣለች። ሁለቱ አንዴ ከተደባለቁ ቀለሙ አይጠብቅም፤ ካልተቀባ እዚያው ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። እስክናገር ድረስ ክዳኑን አልነካችውም።

“እርጥብ ነው፣ እንቆይ” ማለት ነበር የነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ሊቀ መንበሩ ከታች ሆነው እሷን በአድናቆት ያያሉ፣ እሷ አንጋጣ እኔን ታያለች።

“ደረቅ ነው” አልኩ።

ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ክዳኑን ከፈተች፣ ደባለቀች፣ ድርሻዬን በገመድ ላከችልኝ። በሹራቤ እጅጌ እንደ ነገሩ ጠረግሁና በራሴ እጅ፣ በራሴ ሮለር፣ ጤዛው ላይ ቀባሁት። የሠላሳ ዓመት ሙያተኛ ነኝ። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ይላጥባትና እስቲ ቁጥር የሚያነበው መሣሪያዋ ያድናት እያልኩ ነው የቀባሁት።

ሲያልቅ ታንከሩ አምሮ ነበር። ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ሴቶች እልል አሉ፣ ሊቀ መንበሩ የእሷን ትከሻ ደጋግመው መታ መታ አደረጉ። እሷም እኔን አቅፋ “እትዬ፣ እናቴ ዘንድ ልቀር ነው” አለችኝ። በዚያችው ሰዓት ብነግራት ፍቀን መልሰን እንቀባው ነበር። አልነገርኳትም።

ጥር ላይ ተደወለላት። አብረን ሄድን። የጥላው ወገን ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። የፀሐዩ ወገን፣ የእሷ ወገን፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተነካም። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ የቱ ወገን እንደ ተበላሸ ያያል። የኔው ወገን ነው።

ሊቀ መንበሩ ተቆጡ። “አንቺ ልጅ፣ በበረሃ ስም ነው እንዴ የነገድሽብን?” አሏት። እሷ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንደያዘች ቆመች። ማስታወሻው ቦርሳው ውስጥ ነው። “ደረቅ” የሚለው ቃል፣ ከጎኑ ደግሞ “እትዬ” ተብሎ ተጽፎበታል። አውጥታ ብታሳያቸው ይበቃ ነበር።

“ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ” አለች። “የበረሃ ልማድ ይዞኝ በማለዳ አስጀመርኩ። የተበላሸውን በራሴ ወጪ እመልሰዋለሁ።”

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በዚያች ሰዓት እንኳ ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ ቀናሁባት። ሰው እያያት፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክማ መቆም መቻሏ አስቀናኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ማስታወሻውን አውጥቼ ገበያ ላይ አነብበው ነበር። ሁለቱ የቀሩት ኮሚቴዎች በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ማግኘታቸውን ነገሯት። ከፋሲካ በፊት ተመልሳ እንደምትወርድ ያን ጊዜ ሁለታችንም አወቅን።

የካቲት ላይ ልናድሰው ሄድን። እንድመጣ አልለመነችኝም፤ አይምጡም አላለችኝም። የተላጠውን ፍቀን አወረድን፣ ግራጫውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግን። የመቀቢያው ቀን አራት ሰዓት እስኪሆን ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፀሐዩ ጥላውን ገፍቶ ብረቱ ላይ ሲወጣ ማንም ሳያዘኝ ተነሥቼ ወጣሁ። በሁለት እጄ ዳሰስኩት። ከላይም ከታችም፣ ብየዳው ሥርም ዳሰስኩ። ብረቱ ሞቅ ብሎ ነበር።

“ደረቅ ነው!” አልኩ ወደ ታች። በሕይወቴ እንደዚያ እውነት የተናገርኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ጣሳዎቹን አልከፈተችም። የራስ ቆቧን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና የመወጣጫውን እንጨት ይዛ ወደ እኔ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ጉንጯን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ እንደገና ጉንጯን አሳረፈች።

አፈርኩ፤ እፍረቴም እንደ ልማዴ ቁጣ ሆኖ ወጣ። “ምነው በጉንጭሽ? እጅ የለሽም እንዴ?” አልኳት።

የቀኝ ጓንቷን አወለቀች። ከተመለሰች ጊዜ ጀምሮ እጇን ባዶውን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መዳፏ ላይ መሥመር የሚባል የለም፤ ያበጠ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ወደ ሐምራዊ የሄደ ጠባሳ ነው። ግራውም እንደዚያው ነበር።

“ሁለተኛው ዓመት ላይ እግሬ ሲንሸራተት ቧንቧ ይዤ ተረፍኩ” አለች። “ቀትር ላይ የቀረ ዕቃ ላነሣ በባዶ እጄ ወጥቼ ነበር። አሁን ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ደረቁንም እርጥቡንም አይለይም። እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ለማንም አልነገርኩም። እርስዎን የፈለግሁት ለዚህ ነበር።”

ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

“ያን ቀን እርጥብ ነበር አይደል?” አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

“ነበር” አልኳት።

“እሺ” አለችና ቀለሙን ልትደባልቅ መውረድ ጀመረች። ብረቱ ላይ ባሳረፈችው ጉንጯ ግራጫ አቧራ ቀርቶባት ነበር። ልጠርግላት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት።